ጋሽ ተካ እና ዝምተኛዋ ፒካፕ

ያን ጠዋት ማንም መጥቶ አልነገረንም። እኔና አስካለ በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ነበር፤ እሷ በወንበሯ፣ እኔ በበርጩማ። ባሏን፣ ጋሽ ተካን፣ በዋዜማው ደረቱን ሲይዘው ሆስፒታል ወስደውታል፤ እሷ በእግሯ መሄድ ስለማትችል እኔ አብሬያት አደርኩ። ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ሻዩ በእጃችን እየቀዘቀዘ፣ የጨነቀው ሰው እንደሚያወራው፣ ስለማይረባ ነገር እናወራለን፤ ስለ ጎረቤት ዶሮ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ። ከዚያ ከታች፣ እዚህ ካምፓላ ካለው ከካምዎክያ ገበያ በኩል፣ የእድራችን መኪና ዳገቱን ሲጀምር ሰማነው። ያን መኪና በድምፁ የማያውቅ አበሻ በሰፈሩ የለም። ያጓራል፣ ይስላል፣ ማርሽ ሲቀየርለት ደግሞ እንደታመመ ሰው ያቃስታል።

አስካለ ብርጭቆዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

"ተካልኝ አረፈ" አለች።

"ለሌላ ሰው ይሆናል፤ ቆዪ እስቲ" አልኳት።

"እትዬ ዘነበች፣ ያ መኪና እኮ በሕይወት ላለ ሰው ዳገት አይወጣም።"

እውነቷን ነው። መኪናው ደጃችን ላይ ቆመ። ሾፌሩ ሳሎንጎ ወርዶ ቆቡን አወለቀ። ሳሎንጎ እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ በዚህ አገር መንታ የወለደ አባት እንዲህ ተብሎ ይጠራል። "ፖሌ፣ ኛቦ" አለ ወደ አስካለ ጎንበስ ብሎ። እግዜር ያጽናሽ እንደ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ማለት አላስፈለገውም።

ስለ ጋሽ ተካ ልጻፍ ካልኩ ቆየሁ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ካረጀሁ ወዲያ፣ የልጅ ልጄ የቤት ሥራዋን ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ ነው። ወሬዬ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ፤ እመለሳለሁ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። በዕድሜ ብበልጠውም ሰው ሁሉ "ጋሽ ተካ" ስለሚለው እኔም እንደሰው አልኩት። እሱ እኔን "እትዬ" ይለኛል፤ አንድም ቀን አንቺ ብሎኝ አያውቅም። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ካለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ሥራው ፎርክሊፍት መጠገን ነው፤ ያ ከፊቱ ሁለት የብረት ጣት አውጥቶ ካርቶንና ጆንያ የሚያነሳውን መኪና። የነሱ ፋብሪካ ፎርክሊፍቶች በነዳጅ አይሄዱም፣ በባትሪ ነው። ባትሪዎቹ በየጊዜው ውሃ ይጨመርላቸዋል። ማታ ሲገባ "ዛሬ ሁሉንም አጥብቼ መጣሁ" ይል ነበር፤ ልክ እንደ እናት።

ሸሚዙ ከሆዱ በላይ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። ብል የበላው ይመስላል፤ የባትሪው አሲድ ነው የሚበሳው። አስካለ ትጥፍለት ነበር፤ በኋላ የጣፈችውም ሲበሳ ተወችው። ሰው ሰላም ሲል መዳፉን አይሰጥም። ከኋላ ኪሱ ጨርቅ ያወጣል፣ እጁን ደህና አድርጎ ይጠርጋል፣ ከዚያ የእጁን አንጓ ይዘረጋል። "መዳፌን አይመኑት" ይላል። እሑድ ታጥቦ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ እንኳ የሚሰጠን አንጓውን ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማልረሳው ግን አንድ ነገሩን ነው። ማንኛውንም ነገር ሊያመሰግን፣ ሊሸጥ፣ ሊያማልድ ሲነሳ "ክፉውን ላስቀድም" ብሎ ይጀምራል። አንድ ቀን አሮጌ ሬዲዮ ይዞልኝ መጣ።

"እትዬ፣ ክፉውን ላስቀድም። መስኮት አጠገብ ካልተቀመጠ አይሰማም። ሲሞቀው ያፏጫል። ማጥፊያው ተሰብሯል፣ ለማጥፋት ገመዱን መንቀል ነው።"

"ደጉስ?" አልኩት።

"ደጉማ፣ የእርስዎ ነው።"

ሌላ ጊዜ ለአንድ የአገራችን ልጅ ሽማግሌ ሆኖ ተላከ። የልጅቷ አባት ፊት እንደተቀመጠ፣ "ክፉውን ላስቀድም" አለ፤ "ልጁ ያንኮራፋል። ቁጣ አለበት፣ ቶሎ ይበርድለታል እንጂ። ሥራውም ገና አልያዘለትም።" አብረውት የተላኩት ሁለቱ ሽማግሌዎች በክርናቸው ጎኑን ሲጎስሙት ዋሉ። አባትየው ግን ትንሽ አሰቡና፣ "ይሄን ሁሉ ከነገራችሁኝ የደበቃችሁት የለም ማለት ነው" ብለው ልጃቸውን ሰጡ። አሁን ወልደዋል፤ ልጁም እስከ ዛሬ ያንኮራፋል።

አስካለንም ሲያገባት እንዲሁ ነበር አሉ። ናይሮቢ ሳሉ ነው፤ ሁለቱም ከአገር ወጥተው በየፊናቸው ሲንከራተቱ። "ድሃ ነኝ፣ ወረቀት የለኝም፣ ሳልሰደድ በፊት የነበረኝ ነገር ሁሉ ቀርቷል፣ ሳወራ አሰለቻለሁ" አላት። እሷ ይህን ስትናገር ሁልጊዜ ወደሱ ዞር ትልና፣ "ደጉን ግን እስካሁን አልነገረኝም። እየጠበቅኩ ነው" ትላለች። እሱ መሬት መሬት እያየ ይስቃል። ልጅ አልወለዱም። እሷ ለሱ፣ እሱ ለሷ ነበሩ።

ከጥቂት ዓመት በፊት ነው አስካለን ከወገቧ በታች እየከዳት የመጣው። መጀመሪያ በዱላ፣ ኋላ ግድግዳ ይዛ፣ ኋላ ጭራሽ። በየሳምንቱ ሆስፒታል መድረስ አለባት። የካምፓላን ኮረብታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤታቸው ያለው ከዳገቱ ወገብ ላይ ነው። ቦዳ ላይ መቀመጥ አትችልም፤ እግሯ ሞተር ብስክሌቱን አቅፎ አይይዝላትም። የኮንትራት መኪና በየሳምንቱ ከየት ይመጣል። ስለዚህ ጋሽ ተካ አዝሏት እስከ አስፋልቱ ይወርድ ነበር። አዎ፣ በጀርባው። ታክሲው ውስጥ ያስገባታል፣ ሲመለሱ ደግሞ አዝሏት ይወጣል። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጥላለች። በመንገድ ዳር የተቀመጡት የአገሬው ሴቶች አንጀታቸው ሲንሰፈሰፍ "ባምቢ፣ ባምቢ" ይላሉ። ምስኪን ማለታቸው ነው፣ ክፋት የለባቸውም። አስካለን ግን ከበሽታው ይልቅ ያቺ ቃል ታማት ነበር። "እትዬ፣ እግሬ ቢቀር ግድ የለኝም፤ ባምቢን ሳልሰማ ሐኪም ቤት ደርሼ ብመጣ" ብላኛለች።

እንግዲህ የመኪናው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

እኛ የካምዎክያ አበሾች እድር አለን። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ትልልቅ ድስት አለን። ሰው ሲሞትብን ያንን ሁሉ የምናጓጉዘው በኪራይ ነበርና፣ አንድ ዓመት ፒካፕ እንግዛ ተባለ። በዚያው ሰሞን መብራት በፈረቃ ሆነ። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይጠፋል። ከተማው በጀነሬተር ጩኸት ደነቆረ። የጋሽ ተካ ፋብሪካም በባትሪ የሚሄዱትን ትቶ ሌላ ዓይነት ሊያስገባ አሰበና፣ ግቢ ውስጥ ዕቃ የሚያመላልስባትን አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ፒካፕ ለመሸጥ አወጣ። ርካሽ ናት። እሱ ነው ለዓመታት ያጠባት። የእድሩን ሐሳብ ከሰማ በኋላ ዕንቅልፍ አልወሰደውም።

መኪናዋን ያየሁበትን ቀን ልንገራችሁ። የጨለማ ቀን ነበር፣ ማለቴ የመብራት ተራችን ያልሆነበት። ፋብሪካው ሥራ አቁሟል፤ አለቃውን አስፈቅዶ ይዟት መጣ። መኪና ሲሏት መኪና ናት። ከፊት ሁለት ወንበር፣ ከኋላ ክፍት መጫኛ። ሬዲዮ የላትም፣ ምንጣፍ የላትም፣ መስታወቷ በእጅ እየተገፋ ነው የሚከፈት። በሯን ሲመቷት የውሃ በርሜል ድምፅ ትሰጣለች። ግን ዝቅ ያለች ናት። አስካለን ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጣት ወገቧን እንኳ አላጎበጠችም። እኔ ከኋላ ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥኩ፤ ሆስፒታል አድርሰናት ከኦዊኖ ገበያ ሽንኩርት ልጭን ነው።

ቁልፉን አዞረ። ምንም የለም።

"እምቢ አለች እንዴ?" አልኩት።

"ተነስታለች እትዬ። ይያዙ።"

ቤቶቹ ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ምን ብዬ ልግለጸው። መኪና ላይ ተቀምጬ የሰው ድምፅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሮሌክስ የሚሉትን የቂጣና የእንቁላል ጥቅል የሚሸጠው ልጅ እንቁላሉን ሲመታ ማንኪያው ከስኒው ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። የፀጉር አስተካካዩን መቀስ ሰማሁ። አንዲት ሴት ለውዝ ስትወቅጥ፣ ሌላዋ ልጇን ስትቆጣ። ጋሽ ተካ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ "ይስሙ እስቲ እትዬ። ከኛ የሚወጣ ነገር አለ?" አለኝ።

"የለም" አልኩት።

ሆስፒታሉ ደጅ ላይ አቆማት። በሩን ከፈተ። አስካለ ሁለት እግሯን አዙራ አወጣች፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጫማዋ መሬት ነካ። ክንዱን ይዛ ቆመች። በራሷ እግር ቆመች ማለቴ ነው። የሆስፒታሉ ወንበር እስኪመጣላት ድረስ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዘመድ ልትጠይቅ እንደመጣች ሴት ዘና ብላ ቆመች። ደጁ ላይ ያ ሁሉ ሰው ተኮልኩሏል። ባምቢ ያለ አልነበረም።

ስንመለስ ሽንኩርቱን ጭነን ዳገቱ ላይ መኪናዋ ደከማት። እየዘገየች፣ እየዘገየች ሄደች። ማቶኬ፣ ያን የሚቀቀለውን ሙዝ፣ የጫነ ብስክሌት እየገፋ ዳገት የሚወጣ ሰውዬ አጠገባችን ደረሰ፤ ትክ ብሎ አየን። ከዚያ አለፈን። ሲያልፈን "ምፖላ ምፖላ" አለ፣ ቀስ በሉ እንደማለት፣ ላቡን እየጠረገ።

"ተካልኝ" አለች አስካለ፣ "ሙዙ ቀደመን እኮ።"

"ክፉዋ ይሄ ነው" አለ እሱ።

እሷ መሳቅ ጀመረች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ከኋላ ሆኜ ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አያለሁ። እሱም መሪውን ይዞ ይስቃል፤ እኔም ሽንኩርቴን አቅፌ። እስከ ቤት እንዲሁ ነበርን።

ስብሰባው የተደረገው በሚቀጥለው እሑድ፣ በእድሩ ዳኛ በአቶ በየነ ምግብ ቤት ጓሮ ነው። አቶ በየነ ክፉ ሰው አይደለም። ሰው ሲሞት ከማንም ቀድሞ የሚደርስ፣ ከገዛ ቤቱ ምግብ የሚልክ ሰው ነው። እሱ ያመጣው በናፍጣ የሚሄድ አሮጌ ፒካፕ ነበር። ጉልበቱን ነገረን፣ ምን ያህል ሰው እንደሚጭን ነገረን፣ ማሳካ የሚባለው ሩቅ ከተማ ደርሶ እንደሚመለስ ነገረን። አጨበጨብን።

ጋሽ ተካ ተነሳ። ከኋላ ኪሱ ጨርቁን አወጣና እጁን ጠረገ፤ የሚጨብጠው ሰው ግን አልነበረም።

"ክፉውን ላስቀድም" አለ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት "አዬ ጉድ፣ ጀመረ" አለች በሹክሹክታ። "ዳገት ይከብዳታል። ብዙ ሰው አትጭንም። ከከተማ አትወጣም። መብራት በሌለበት ቀን አትሞላም፤ በመጣበት ቀን ሞልተን በጠፋበት መንዳት ነው። ባትሪዋ አዲስ አይደለም፤ እየጠበቅኩላት ይቆያል እንጂ ለዘላለም አይደለም።"

"ማሳካ ሰው ቢሞትብንስ?" አለ አቶ በየነ።

"አትደርስም።"

"ታዲያ ለምን ታደክመናለህ፣ ጋሽ ተካ?" አለ አንዱ። ተሳቀ።

"ደጓን ልንገራችሁ" አለ። "ምንም ወጪ አታስወጣም። ናፍጣ አትጠጣም፣ ዘይት አይቀየርላትም፣ የሚበላሽ ነገር የላትም። እንዲህ ከሆነች ደግሞ ሰው እስኪሞት አንጠብቅም። የታመመውንም እናደርስባታለን። ያኛው መኪና ናፍጣው ውድ ስለሆነ ቆሞ የሚጠብቀው ሬሳን ብቻ ነው። ይቺኛዋ ሰው በሕይወት እያለ ትደርሳለች።"

"እድር እኮ ለሞተ ነው" አለ ያው ሰውዬ። "ለታመመ ዘመድ አለው።"

"እዚህ አገር ማነው ዘመድ ያለው?" አለ ጋሽ ተካ።

የሳቁት ሳይቀሩ ወደሱ ዞሩ። ያን ጊዜ የሚያሸንፍ መሰለኝ። ቀሚሴን ሰብስቤ ወደሱ ጠጋ ብዬ፣ "ስለ አስካለ ንገራቸው" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "እድሩ የሁሉ ነው፣ እትዬ። በሚስቴ አልለምንበትም።"

አቶ በየነ ጉሮሮውን ጠረገ። "አንድ ነገር ልበል" አለ። "መኪናዋ ድምፅ የላትም አይደል?"

"የላትም።"

"አገራችን ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። እዚህ ጥሩምባ ብንነፋ ፖሊስ ይመጣል። ሰው እንዴት ይወቅ? ይሄኛው መኪና ሲያልፍ አንድ ጊዜ ቢሰማ ሁሉም ከየቤቱ ይወጣል። በዝምተኛ መኪና ሰው ስንወስድ ግን፣ ማንም ሳይወጣለት፣ እንደተሰረቀ ዕቃ ሾልኮ ይሄዳል። እኔ እንዲህ መወሰድ አልፈልግም። እናንተ ትፈልጋላችሁ?"

ይህ ነገር ሆዳችን ውስጥ ገባ። መቼም ስደተኛ የሚፈራው ነገር ቢኖር ሳይታወቅ መሄድን ነው። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ተካ፣ "ጥሩምባ በአንድ ሽቦ ይገጠምላታል" አለ።

"እሱማ የመንገድ ጥሩምባ ነው" አለ አቶ በየነ፣ በለሆሳስ። "ሰው ላም መንገድ ላይ ገባች ብሎ ነው የሚያስብ።"

እጅ ተነሣ። ለዝምተኛዋ እኔና ጥቂት ሴቶች አነሣን። የቀረው ለናፍጣው ነበር። ጋሽ ተካ ራሱ ለየትኛው እንዳነሳ አላየሁም። ስብሰባው ሲበተን አቶ በየነ ጋ ሄዶ አንጓውን ዘረጋለት።

ፍርድ አልሰጥም። ናፍጣው መኪና የአንዲት ልጃችንን ሬሳ ከማሳካ አምጥቷል፤ እናቷ አቅፋ አልቅሳ ቀብራታለች። ዝምተኛዋ ያንን ልታደርግ አትችልም ነበር። ደግሞም አቶ በየነ እንዳለው ነው የሆነው፤ መኪናው ሲያልፍ ሰው ይወጣል። ሥራ ላይ ያለውም፣ የታመመውም፣ ከአበሻ ጋር የተጣላውም ይወጣል። ይሄን ሳስብ አንዳንድ ቀን ልክ ነበርን እላለሁ።

ዝምተኛዋን አንድ ባለሱቅ ገዛት። መኪናነቷን አልነበረም የፈለገው። ባትሪዎቿን አውጥቶ በጨለማው ቀን ለሱቁ መብራት አደረጋቸው፤ አካሏን እዚያው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ቱቦው ዳር ጣላት። ዶሮዎች ገብተው እንቁላል ይጥሉባት ጀመር። ጋሽ ተካ ወደ ሥራ ሲሄድ በአጠገቧ ነበር የሚያልፍ። ሲያልፍ በሯን በጣቱ አንጓ ቆርቆር ያደርጋል። ይሄን የነገረኝ እሱ ነው። "ምን አለችህ?" አልኩት። "ማነው አለች" አለኝ። እኔ ልስቅ ነበር፣ ፊቱን ሳይ ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ ፋብሪካው ፎርክሊፍቶቹን ቀየረና እሱንም አሰናበተው። ቤቱ ተቀምጦ የሰፈሩን ሰው ባትሪና የእጅ ፋኖስ መጠገን ጀመረ። የእድሩ መኪና ሲበላሽ ደግሞ የሚጠራው እሱ ነው። አንድ ቀን ከሥሩ ተኝቶ ሳለ፣ "አቶ በየነ፣ ጭስ ማውጫው ተቀዷል፤ ይሄ ሁሉ ጩኸት ከሱ ነው። ልበይደው?" አለ።

"ተወው፣ ይጩኽ" አለ አቶ በየነ።

"እሺ፣ ይጩኽ" አለ ጋሽ ተካ ከሥር ሆኖ። ሁለቱም ሳቁ። ቂም የሚባል አያውቅም ነበር። አስካለን ማዘሉን ግን ቀጠለ። እሱም አርጅቷል፤ ከበፊቱ በበለጠ ቆም ቆም እያለ ነው የሚወጣ። ስትጠይቀው "መልክዓ ምድሩን እያየሁ ነው" ይላታል።

መኪናው ደጃችን ከመቆሙ በፊት በነበረው ቀን፣ በቀትር ከሆስፒታል ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸው። ከገበያ ስመጣ አየኋቸው። አስካለን መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ አስቀምጧታል፤ እሱ ከጎኗ ጭቃው ላይ ተቀምጦ ደረቱን ይዟል። ሸሚዙ ርሶ ገላው ላይ ተለጥፎ በነዚያ ቀዳዳዎች ሥጋው ይታያል።

"ተካልኝ፣ ምን ሆንክ?" ትለዋለች ደጋግማ። እሱ እጁን እያወዛወዘ ቆዪ ይላታል።

ወደ አቶ በየነ ሮጥኩ፤ ባረጀ እግር ሩጫ ከተባለ። መኪናው ጓሮው ውስጥ ቆሟል። አቶ በየነ ስነግረው ፊቱ ጠቆረ።

"እትዬ፣ ያለው ናፍጣ አንድ ቀብር ቢያደርስ ነው። ማደያው ሰልፍ ነው። ደንቡን አብረን ነው ያወጣነው፤ ለታመመ አይወጣም። ዛሬ ባወጣው ነገ ለማን እምቢ እላለሁ?"

"ጋሽ ተካ እኮ ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። ከዚያ በዝናቡ ውስጥ ወጥቶ በገዛ ገንዘቡ የኮንትራት መኪና ሊፈልግ ሄደ። አግኝቶም ነበር፤ ያ ዝናብ ግን መንገዱን ሁሉ ዘግቶት ሳይደርስልን ቀረ።

ከአቶ በየነ ጓሮ አብሮኝ የመጣው ሳሎንጎ አንድ ቦዳ አስቁሞ ጋሽ ተካን ከነጂው ኋላ አስቀመጠውና ራሱ ከኋላው ተቀምጦ አቀፈው። ጭንቅላቱ የሳሎንጎ ትከሻ ላይ ወደቀ። ነጠላዬን ሳለብሰው ዓይኑን ከፈተ።

"ክፉውን ላስቀድም፣ እትዬ" አለኝ።

ቀጥሎ የሚለውን ጠበቅኩ። ቦዳው ተነሳ።

አስካለን የሰፈር ልጆች አዝለው ቤቷ አስገቡልኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

በቀብሩ ዕለት መኪናው ላይ ጨርቅ ተነጥፎ ሣጥኑ ተጫነ። አስካለን ከፊት ሊያስቀምጧት ሲሉ ያ ናፍጣ መኪና ከፍ ያለ ነውና ሁለት ወንዶች ብብቷን ይዘው አነሷት። አንድ ጫማዋ ጭቃው ላይ ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ የቆሙት ሴቶች "ባምቢ" አሉ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ጫማዋን አንስቼ አደረግሁላትና እኔም አጠገቧ ተጣብቄ ተቀመጥኩ። አቶ በየነ በእግሩ ነው የሄደ፤ ከመኪናው ኋላ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ራሱን ሳይሸፍን።

ሳሎንጎ አንድ ልማድ አለው። ቁልቁለት ሲያገኝ ናፍጣ ለመቆጠብ ሞተሩን ያጠፋል፤ የካምፓላ ሾፌር ብዙው እንዲህ ነው። የዳገቱ ጫፍ ላይ ስንደርስ እጁ ልማዱን አደረገ፣ ቁልፉን አዞረ። ያ ሁሉ ጩኸት በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። መኪናው በራሱ ክብደት መንከባለል ጀመረ። ጎማው ጭቃውን ሲልስ ይሰማል። የዝናቡ ጠብታ ጣራው ላይ። ሮሌክስ የሚሸጠው ልጅ እንቁላል እየመታ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየን። በሮች እንደተዘጉ አለፍናቸው።

አስካለ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። አዳመጠች።

"እትዬ" አለችኝ ቀስ ብላ፣ "የሱ መኪና መሰለችኝ።"

እጇን ያዝኩ። እስከ ታች ድረስ እንዲያ ሄድን፤ እሷ፣ እኔ፣ እሱ።

ከቁልቁለቱ ግርጌ ሳሎንጎ ቁልፉን መልሶ አዞረ። መኪናው ጮኸ። ሰው ሁሉ ከየደጁ ወጣ።